የታሰረ ልጣጭ

አንዲት ንጹሕ ሴት ነበረች።

ንጹሕ ስልዎ ለአፍ ያህል አይደለም፣ እትዬ ትርንጎ። «እሷ ቤት ዝንብ እንኳ እግሩን ጠርጎ ነው የሚገባው» እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ትናንት ቦኖው ጋ ወረፋ ይዘን ሳለ እርስዎ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ቆሻሻዬን በፌስታል ቋጥሬ ከደጄ አወጣለሁ፤ ቤቴም ደጄም ንጹሕ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እኔን ምን ይመለከተኛል?» አሉኝ። መልሱን ሳልጀምረው ውሃው መጣና ተበተንን። እንግዲህ መልሱ የዚች ሴት ነገር ነውና ይስሙኝ።

ሴትዮዋ የምትኖረው አስፋልት መሀሏን ሰንጥቋት በሚያልፍ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ባል የላትም። እህቷ በወሊድ ሞታ የተወችላትን ሕፃን ታሳድጋለች። ሕፃኗ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፣ ግን ከሲታ ናት፤ እህል ሲያቀርቡላት ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። እሺ ብላ የምትቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጎረቤታቸውን ላም ወተት። ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ። የሕፃኗ ነፍስ በዚያች ላም ጡት ላይ ተንጠልጥላ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ስለ ቋጠሮዋ ልንገርዎ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነውና። የሴትዮዋ እናት በሕይወት ሳሉ ቅመም ነጋዴ ነበሩ። ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን በጨርቅ በጨርቅ ቋጥረው፣ በአህያ ጭነው ገበያ ለገበያ ሲዞሩ የራሳቸው የሆነ አቋጠር ነበራቸው። ጫፉን በጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ አዙረው፣ የምትተርፈውን ጭራ ወደ ውስጥ ይሸጉጧታል። ጭራዋ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው በሁለት ጣቱ ሳብ ቢያደርጋት ቋጠሮው ይፈታል። የማያውቅ ግን ጥርሱ እስኪወልቅ ቢታገል አይፈታውም። ልጅቱ ይህን አቋጠር ከእናቷ ወርሳለች። ለቅሶ ቤት የሚሄደውን ዳቦ የምትቋጥረው እሷ ናት፤ ሲደርስም የምትፈታው እሷው ናት። ሰፈሩ ሁሉ ቋጠሮዋን በዓይኑ ያውቀዋል።

ልብ ይበሉልኝ፤ እናትየው የሚቋጥሩት ጨርቅ ነበር። ጨርቅ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ነገ ተመልሶ ይቋጠራል። ልጅቱ የምትቋጥረው ግን ፌስታል ነው።

ከጉሊት ስትመለስ ሽንኩርቱ በአንድ ፌስታል፣ ቲማቲሙ በሌላ፣ ምስሩ በሌላ፣ ጨው ደግሞ ለብቻው ይመጣል። ማታ ፌስታሎቹ ባዶ ይሆናሉ። ባዶ ነገር ቤቷ ውስጥ ሲዝረከረክ ማየት አትወድም። ስለዚህ በአንዱ የድንች ልጣጭ፣ በአንዱ ጨው የነካው የወጥ ትራፊ እያደረገች፣ እንደ ቅመም ጥቅልል አሳንሳ ጥብቅ አድርጋ ትቋጥራቸዋለች። ጠረኑ እንዳይወጣ፣ ዝንብ እንዳይገባ ብላ ነው። ጎህ ሲቀድ አስፋልቱን ተሻግራ ቦዩ ውስጥ ጣል። ቦዩ የማንም አይደለም፤ የሰፈሩ ከብት ሲግጥበት ይውላል። እጇን ታጥባ፣ ደጇን ጠርጋ፣ ቀኗን ትጀምራለች። ከእሷ በላይ ጥንቁቅ ሰው ካለ ይምጣ!

ባለላሟ ጎረቤት ደግሞ አንዲት ባልቴት ናቸው። ላማቸው ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦቂት ይሏታል። ባልቴቷ ልጣጩን፣ የጎመኑን እንጨት፣ የበቆሎውን ቅርፊት ሳይቋጥሩ ሳይሸፍኑ ደጃቸው ላይ ነው የሚደፉት። ንጹሕዋ ሴት ይህን ባየች ቁጥር ያንገሸግሻታል። አንድ ቀን አላስችል ብሏት ከአጥሩ ማዶ ተናገረች።

«እማማ፣ ኧረ ደጅዎን! ልጣጩ እስከ መንገድ ወጣ እኮ። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ይበል። ቦቂት ትለቅመዋለች።»

«እሷ እስክትለቅመው ዝንቡስ?»

«ወይ አንቺ ልጅ! ቢቻልሽ ዝንቡንም ጫማህን አውልቀህ ግባ ትዪው ነበር። ይኸውልሽ፣ እኔ ጠዋት የጣልኩት ልጣጭ ማታ ወተት ሆኖ አንቺው ቤት ይገባል። ያንቺው ልጣጭ የት ነው የሚገባው?»

«እኔማ ቋጥሬ ነው የምጥለው!» አለች ሴትዮዋ ቀና ብላ።

«ቋጥረሽ» አሉ ባልቴቷ። ይህን ብለው ወደ ላማቸው ሄዱ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ዝናቡ ገና ሳይመጣ፣ ወተቱ ጎደለ። መጀመሪያ ኩባያው ከአፉ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ግማሽ ሆነ፣ ከዚያ የማታው ቀረ። ሕፃኗ ማታ ማታ ባዶውን ኩባያ ይዛ ታለቅስ ጀመር። ሴትዮዋ ጠረጠረች።

«እማማ፣ ለሻይ ቤቱ ማካፈል ጀመሩ እንዴ?»

ባልቴቷ ደነገጡ። «የዚችን ልጅ አፍ ነጥቄ? የእኔን ድርሻ ከተውኩት ሁለት ሳምንቴ ነው፤ ያለው እሱ ነው» አሏት። ሴትዮዋ አፈረች፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላመነችም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቦቂት ታማለች። ማመስኳት ትታለች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ጎኗ ግን አጥንቷ ይቆጠራል። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ የጠገበችም የተራበችም ትመስላለች። አንድ ጠዋት ከተኛችበት መነሳት አቃታት። የከብት ሐኪሙ መጣ፣ ግራ ጎኗን በጡጫው ገፋ ገፋ አደረገ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ሆዷ ውስጥ የማይሄድ ነገር አለ። ቀዶ ለማውጣትም ጊዜው አልፏል። ሥጋዋ ደህና ነው፤ ሳትሞት ድረሱላት» አለ።

ባልቴቷ የላሟን ራስ ታቅፈው ተቀመጡ። ካራ የያዙት ወንዶች እሳቸው እስኪነሱ ቆመው ጠበቁ። ሲነሱ ወደ ኋላ አልዞሩም።

የሰፈሩ ልማድ እንዲህ ነው፤ የሰው ከብት አደጋ ሲደርስበት ጎረቤት ሥጋውን ተካፍሎ ለባለቤቱ ጊደር መግዣ ያዋጣል። ወንዶቹ ይበልታሉ፣ ሴቶቹ ጨጓራ ያጥባሉ። ጨጓራ ለማጠብ ደግሞ ከንጹሕዋ ሴት ሌላ ማን ይጠራል? ሁልጊዜም የሚጠሩት እሷን ነው። ሕፃኗን ለአንዲት ጎረቤት ሰጥታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ውሃ አስቀድታ ቀረበች።

«ወይ ጉድ፣ ይሄ ጨጓራ ነው ወይስ የሲሚንቶ ከረጢት?» አለ ተሸክሞ ያመጣላት ሰው፤ ለሁለት ይዘውት ነበር።

ካራውን አሳረፈችበት። ሣር አልወጣም። የወጣው እንደ ገመድ የተገመደ፣ እንደ ምንጣፍ የተደራረበ ፌስታል ነው። ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ባለ መስመሩ፣ ሁሉም አንድ ላይ ጠንክሮ ተጋግሯል። ሰው ተሰበሰበ።

«መንገደኛ ነው! ከአውቶቡስ መስኮት እየወረወረ!» አለ አንዱ።

«ባለሱቆቹ ናቸው እንጂ፣ ክብሪት እንኳ ሳይቀር በፌስታል የሚሰጡት» አለች ሌላዋ።

«እግዚአብሔር ይይለት የጣለው!»

ሴትዮዋ ክምሩን በእጇ መበተን ቀጠለች። ጣቶቿ ከክምሩ መሀል አንድ ትንሽ ጠንካራ ነገር አግኝተዋል። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ። ዓይኗን ሳትጥል በእጇ ብቻ አወቀችው። ጫፉ በጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሯል፤ ጭራው ወደ ውስጥ ተሸጉጧል።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቁም፣ እትዬ። ማንም አላየም። ክምሩ ጭቃ መስሏል፤ ሁሉን ጠቅልላ ጉድጓድ ብትከተው ነገሩ በመንገደኛው ተሳብቦ ይቀር ነበር። በሰፈሩ ያላት አንድ ሀብት ንጹሕ መባሏ ነው፤ እሱም ሳይነካ ይኖርላታል። እጇን በክምሩ ላይ ጋርዳ ለጥቂት ጊዜ እንዲሁ ቆየች። ሰዓቱ ግን የወተት ሰዓት ነበር። በጎረቤቷ ጭን ላይ ያለችው ሕፃን ማልቀስ ጀመረች፤ እጇን ዘርግታ ወደ ቦቂት በረት እያመለከተች።

ሴትዮዋ አንዱን ቋጠሮ አወጣችው። ውሃ አፈሰሰችበት። ሰው ሁሉ እያየ ጭራዋን በሁለት ጣቷ ፈልጋ ሳብ አደረገቻት። ቋጠሮው ተፈታ።

ውስጡ የድንች ልጣጭ ነበር። ሣርን ወተት የሚያደርገው ያ ሆድ ሊደርስበት አልቻለም፤ ከተላጠ ስንትና ስንት ቀን አልፎት፣ ጠውልጎ ጠቁሮ፣ ገና ልጣጭ ነው።

«የእኔ ነው» አለች።

ስድቡ ቆመ። እሷ ግን አላቆመችም፤ ሁለተኛውን ፈታች፣ ሦስተኛውን ፈታች። ከእሷ ሌላ የሚፈታው እንደሌለ ያውቃሉና ማንም ልርዳሽ አላላትም። ጥቂት ቆይቶ ያ «መንገደኛ ነው» ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠርጎ «ያ ባለ መስመሩ... የእኛም ቤት ሳይሆን አይቀርም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ሌላም ሰው ወደ ክምሩ ቀረበና የራሱን ፈለገ።

ባልቴቷ መጥተው ከአጠገቧ ተቀመጡ። ትሰደባለች ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። እሳቸው ግን ከተፈታው ልጣጭ አንዱን አንስተው በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ።

«እንዴት ስስ አድርገሽ ልጠሽዋል» አሉ። «ሳትቋጥሪ ብትሰጪኝ ኖሮ ቦቂት ትወደው ነበር።»

ያኔ ነው ሴትዮዋ ያለቀሰችው።

ያን ክረምት ሕፃኗ በአጥሚት ነው የወጣችው፤ በግድ፣ በማንኪያ፣ እየታመመች እየዳነች። ለባልቴቷ የተገዛችው ጊደር ወልዳ እስክትታለብ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ሁለት ዓመት ለእንደዚያች ሕፃን ረጅም ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሞት አፋፍ ተመልሳለች። ሴትዮዋ የእናቷን የቅመም ጨርቆች ከሳጥን አውጥታ አጠበቻቸው። ጉሊት ስትወርድ ዘንቢል ይዛ፣ ጨውና ምስሩን በጨርቅ አስቋጥራ ነው። ልጣጯን በሰፌድ ዘርግታ፣ ሰው እያየ፣ ዝንብ እያረፈበት፣ ወደ ባልቴቷ ጊደር ትወስዳለች። ዛሬም ንጹሕ ይሏታል። እሷ ግን ሲሏት ሰፌዷን አንስታ ወደ ጊደሯ ትሄዳለች።

እንግዲህ እትዬ ትርንጎ፣ «ከደጄ ካወጣሁ ወዲያ» ብለው ነበር የጠየቁኝ። ያ ቦይ፣ ከታች ያለው ወንዝ፣ የምንረግጠው አፈር፣ ሁሉም ቦቂት ነው። ሳንቋጥር የሰጠነውን ይፈጨዋል፤ ልጣጩን አፈር፣ አፈሩን ጎመን፣ ጎመኑን እራት አድርጎ ወደ ቤታችን ይመልስልናል። ቋጥረን የሰጠነውንም እንቢ አይልም፣ ይውጠዋል። ግን እጅ የለውምና አይፈታውም። ፈቺው እርስዎና እኔ ነን፤ ያውም ከመቋጠራችን በፊት።

እና እትዬ፣ ያ ከማጀትዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዘንቢል፣ ሸረሪት ያደራበት... ነገ ጉሊት ሲወርዱ አራግፈው ቢይዙት፣ ለጥያቄዎ የእኔ መልስ እሱ ነው።