በቱቦው ውስጥ የቀረው አየር

አንድ ሰው ነበር፤ አውሮፕላን አብራሪ። በአንድ የነሐሴ ማለዳ ጫማውን ሲያስር ሚስቱ ወይንሸት በሩ ላይ ቆማ፣ «አምሳሉ፣ ናፍቀኸኛል» አለችው። ሳቀ። ትናንት አብረን አይደል እንዴ ያመሸነው ብሏት ወጣ።

መንገዱን ሁሉ ግን ቃሏ አልለቀቀውም። እሱም ይናፍቅ ነበር እኮ። ምን እንደናፈቀው አያውቅም እንጂ፣ ይናፍቅ ነበር።

የዚያን ቀን መድኃኒት ጭኖ ከረዳት አብራሪው ከሕሊና ጋር ተነሣ። ደመናውን ሰንጥቀው ሽቅብ ሲወጡ የፍጥነት መለኪያው መርፌ ከፍ አለ። በጣም ፈጠንኩ ብሎ ሞተሩን ቀነሰ። አሁንም ከፍ አለ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና አደረገ። መርፌው ይባስ ጨመረ።

ወገኖቼ፣ አውሮፕላን ፍጥነቱን በምን የሚያውቅ ይመስላችኋል? በውጭ አካሉ ላይ በተተከለች ትንሽ ቱቦ ነው። ነፋሱ ይገባባታል፤ መርፌው በዚያ ግፊት ይንቀሳቀሳል። ቱቦዋ በበረዶ ስትደፈንስ? መርፌው ቀጥ ብሎ ቢቆም በተሻለ ነበር። አይቆምም። የቀድሞው አየር ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። አውሮፕላኑ ከፍ ባለ ቁጥር የውጭው አየር ይሳሳል፤ የታፈነው ያይላል፤ መርፌውም «ፈጠንክ፣ ፈጠንክ» ይላል። የሚለካው የቆየ አየር ነው።

አምሳሉ ይህን አያውቅም ነበር? ያውቃል። መሬት ላይ ባለው የበረራ መለማመጃ፣ በሲሙሌተሩ፣ ስንት ጊዜ ተፈትኖ ተመስግኖበታል። እዚያ ግን አሠልጣኙ በረዶውን እንደሚያመጣበት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እዚህ ማን ይንገረው?

አውሮፕላኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሕሊና ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ካፒቴን፣ አፍንጫችን ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ሞተሩንም ቀንሰናል። ታዲያ በምን ጉልበት ነው የምንፈጥነው?» አለችው።

ያን ጊዜ ነቃ። ለመውደቅ የቀራቸው ጥቂት ነበር። ዓይኑን ከመርፌው ነቀለ፤ አፍንጫውን ዝቅ፣ ሞተሩን ጨመር አድርጎ ሞቅ ወዳለው አየር ወረደ። በረዶው ቀለጠ። በደህና አረፉ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገባ። ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ወይንሸት አጠገብ ተቀመጠና ከመቼ ጀምሮ እንደናፈቃት ጠየቃት። ሳይነሣ መልሷን ጠበቀ።

«ፅንሱ ከወረደ ጀምሮ» አለችው።

አራት ዓመት። ያን ጊዜ እሱ በረራ ላይ ነበር። ተመልሶ አይዞሽ አላት፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሣውም። ለእንግዳው ሁሉ ግን ሠርጋቸው እንዴት እንደደመቀ፣ እንዴት እንደተዋደዱ ያወራ ነበር። ትዳሩን የሚለካው በዚያ ነበር።

«ስም አውጥቼለት ነበር» አለች። «አልጠየቅኸኝም።»

ጠየቃት። ነገረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው አለቀሱ።

እናንተስ? ከእግዚአብሔር ጋር እንዴት ናችሁ ስትባሉ የምታወሩት የዛሬ አሥር ዓመቱን እንባ አይደለም? ያ እንባ እውነት ነበር። ማን ውሸት ነው አለ? ግን የዛሬ ነው? እያመሰገናችሁ፣ እያገለገላችሁ፣ ሁሉ ነገር ደህና ነው እያላችሁ ውስጣችሁ የሚናፍቅ ከሆነ፣ ያን ናፍቆት በሥራ ብዛት አታባርሩት። ደህና አለመሆናችሁን የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። በራችሁን ዘግታችሁ ጌታንም ጠይቁት፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው የናፈቅሁህ?» በሉት። ጠይቃችሁ ግን አትነሡ። መልሱ እስኪመጣ ተቀመጡ።