ገና ያልጠለለ ዓለም

ፊታውራሪ አጥናፍሰገድ ባሕር ማዶ ከርመው እንደተመለሱ ግብር አበሉና፣ ታዳሚው ጠግቦ ሳይነሳ እዚያ የተማሩትን ማስተማር ጀመሩ።

«ዓለም በአንድ ጊዜ ተሠርታ ያለቀች አይደለችም» አሉ። «ሰማዩም ከዋክብቱም መጀመሪያ ጉም ነበሩ። ጉሙ ኮከብ ሆነ፤ ከኮከብ ምድር ወጣች፤ ከዚያ ሣሩ፣ እንስሳው፣ ሰው። ከሰው ሁሉ በላይ ወጥተን የተቀመጥነው ደግሞ እኛ መኳንንቱ ነን።»

ታዳሚው «እውነት ነው» ሲል የቤቱ ጠጅ ጣይ ፈገግ አለች። ፊታውራሪ አዩዋት።

«ምን ያስቅሻል? ከገባሽ በምታውቂው ሥራ አስረጂን። ካልገባሽ ግን ዛሬውኑ ከቤቴ ትወጫለሽ።»

«ኧረ ገብቶኛል ጌታዬ። ዓለም እንደ ጠጅ ጋን ናት፤ ገና እየፈላች ነው።»

«ጎሽ። በጋኑ ውስጥ እኛስ የት ነን?»

«እርስዎማ ከሁሉም በላይ ነዎት።»

ፊታውራሪ ደስ ብሏቸው ወደ ታዳሚው ዞሩ። «ሰማችሁ? ጠጅ ጣይ እንኳ ገብቷታል።»

እሷም ብርሌያቸውን እየሞላች፣ «ጠጁ ሲደርስ ታዲያ» አለች፣ «ከላይ የተንሳፈፈውን ገፈት ገፍፈን እንደፋዋለን።»