ወንዝ የማይሻገር ጭረት

አንበሳ በሚገዛው ደን ሕግ የሚጻፈው በዋርካ ላይ ነበር። ከአራዊቱ አንዱ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ሠርቶ ሲያመጣ ንጉሡ ከተቀመጠበት ይነሣና ዋርካውን በጥፍሩ ይጭረዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነገሩ ያመጣው እንስሳ ነው፤ ሌላው ልሥራው ቢል ባለቤቱን ማስፈቀድ አለበት። ፍልፈል ባለ ሁለት በር ጉድጓድ ሲቆፍር ተጭሮለታል። ጉንዳን እርጥበት የማያስገባ ጎተራ ሲያበጅ ተጭሮለታል። ጅብም አዲስ ሳቅ አምጥቻለሁ ብሎ አመልክቶ ነበር፤ ጉባኤው ሳቁን ካዳመጠ በኋላ አመልካቹን በትሕትና አሰናበተው።

ሥርዓቱ ይሠራ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። በዚያ ደን የንጉሡን ጥፍር የማይፈራ አልነበረም። ጥፍሩ እስከ የት ድረስ እንደሚፈራ ግን የጠየቀ የለም። ጥያቄው ነውር ይመስል ነበር፤ አራዊቱም እንደ ሁላችን ነውር የሚመስለውን ጥያቄ ዝም ብለው ያልፉት ነበር።

በዚህ ደን ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ እመት ጃርት ነበረች። አንድ ክረምት ጎርፍ ጉድጓዷ ገብቶ ልጆቿ ሲንቀጠቀጡ አደሩ። ሲነጋ ከጀርባዋ የረገፈ እሾህ አነሣች፣ እንደ ወስፌ ይዛ ሣር በሣር ላይ ሰፋች፣ የመጀመሪያውን ገሳ አወጣች። የገሳው አካል ብዙ ጥበብ የለበትም፤ ሣርና ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይጎነጉነዋል። ጥበቡ አንገቱ ላይ ነው። እመት ጃርት አንገቱን አጥፋ ወደ ኋላ ስለምትሰፋው ውኃው በጀርባ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

ንጉሡ ለበሰው። ጎፈሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዝናብ ተረፈ። የረጠበ አንበሳ ከረጠበች ድመት ብዙም እንደማይለይ ራሱ ንጉሡም ያውቅ ስለነበር ደስታው ወሰን አጣ። ዋርካው ወዲያው ተጫረ። አራዊቱ ሥራሥር እየያዙ ወደ እመት ጃርት ደጅ ጎረፉ፤ ልጆቿም ወፈሩ።

ችግሩ የመጣው ከመወደዱ ነው። የደኑ ነዋሪ ሁሉ ገሳ ፈለገ፤ የእመት ጃርት ወስፌ ግን አንድ ነው። ንጉሡ ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ሁሉም ይልበስልኝ ብሎ ጉባኤ ጠራ።

የንጉሡ አማካሪ ብላታ ቀበሮ ቀድሞ ተነሣ። «ጃንሆይ፣ እኛ በዚህኛው ዳር ያለነው ኮቴና ጥፍር እንጂ ጣት አልታደልንም። ወንዝ ማዶ ዝንጀሮዎች አሉ፤ ጣት እንደ ጉድ ነው! እዚያ ይሠራ፣ ወደዚህ ይምጣ።»

«ይሁን» አለች እመት ጃርት። «ግን አካሉን እነሱ ይጎንጉኑ፣ አንገቱን እኔ እዚሁ ልጨርሰው። ደግሞ ለራሳቸው እንዳይሠሩ ምስክር ባለበት ቃል ይግቡ።»

ጉባኤው አጉረመረመ። ብላታ ቀበሮ በሐዘኔታ አያት። «እመት ጃርት፣ ገና ሳያዩዋቸው ሌባ አደረጓቸው እኮ! ከወዳጅ ጋር ውል መዋዋል ወዳጅን መጠርጠር ነው። የዝንጀሮዎቹ አለቃ ገመሬ ይህን ቢሰማ ምን ይለናል?»

አባ ኤሊ አንገቱን ከድንጋይ ልብሱ አወጣ። በጉባኤው ውስጥ ወንዙን የሚመላለስበት እሱ ብቻ ነበር። «ጃንሆይ» አለ ቀስ ብሎ፤ አባ ኤሊ ሁሉን ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚለው። «ማዶ የሚገዛው ነብር ነው። እነሱ የሚጭሩት ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ቀድሞ የጫረ ባለቤት ይሆናል፤ ማን አሰበው ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህ ሥራው ከመሄዱ በፊት እመት ጃርት ራሳቸው ተሻግረው…»

«እኔ የጫርኩትን!» ብሎ ንጉሡ ብድግ አለ። «እኔ የጫርኩትን ነው ነብር ደግሞ የሚጭረው?»

ጉባኤው አጨበጨበ። የአባ ኤሊ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ቀረ፤ አንገቱንም መልሶ አስገባ።

እመት ጃርት ሥራውን ልታስተምር የወንዙን መልካ ተሻገረች። ገመሬ በክብር ተቀበላት። የሾላ ፍሬ አቀረቡላት፣ ከጥላው ሥር አስቀመጧት፣ ትንንሾቹም ትልልቆቹም «እማማ» አሏት። በሕይወቷ እንዲህ የተንከባከባት አልነበረምና ልቧ ተነካ። የገሳውን አካል አስተማረቻቸው፤ ቶሎ ያዙት። አንገቱን ግን አገሬ እጨርሰዋለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች።

ልትሰናበት ስትል ገመሬ ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ቤታችን በልተው ጠጥተው አንገቱን ይደብቁናል? እኛ ለእርስዎ ባዳ ነን?»

የጃርት ጀርባ እሾህ ነው፤ ነብር እንኳ አይደፍረውም። ይሉኝታ ግን የሚመጣው ከፊት ለፊት ነው፣ ከፊት ደግሞ እሾህ የለም። እመት ጃርት ወስፌዋን አወጣችና አንገቱን ሰፍታ አሳየቻቸው። አልገባንም፣ ይድገሙልን አሏት፤ ደገመችላቸው።

ገሳው በሸክም በሸክም ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ደኑ ለበሰ፣ ብላታ ቀበሮም ተሾመ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በማዶኛው ዳር፣ መልካው አጠገብ ገበያ ቆመ። በዚያ የሚሸጠው ገሳ ደረቱ ላይ በጭቃ የታተመ የዝንጀሮ መዳፍ አለው። አንገቱ እመት ጃርት እንዳስተማረችው ነው፤ እንዲያውም ጣት ስላላቸው ስፌቱ ይበልጥ ያምራል። የደኑ ነዋሪ እመት ጃርትን እያዘነላት ከገመሬ ገዛ። ደጇ ጭር አለ፤ የልጆቿም የጎን አጥንት እንደገና ይቆጠር ጀመር።

የራሷን ገሳዎች ተሸክማ ወደዚያው ገበያ ወረደች። ጠባቂዎቹ ዝንጀሮዎች አገላብጠው አዩና ወረሱባት።

«መዳፉ የለበትም፤ የእኛን አስመስሎ የተሠራ ነው» አሏት። «ድንጋዩ ላይ የተጫረልን እኛ ነን። እናዝናለን፣ እማማ።»

«አስመሳይ ተባልኩ እኮ!» ብላ ንጉሡ ፊት አለቀሰች። «የገዛ ልጄን ይዤ ሄጄ የማን ልጅ ሰረቅሽ ተባልኩ!»

ንጉሡ ዋርካውን ተመለከተ፤ ጭረቱ በቦታው አለ። ብላታ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመት ጃርት፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አላት። ተረቱን ያሳመረ መስሎት ዙሪያውን አየ። ያን ቀን ከጉባኤው መካከል ቀና ብሎ ያያት አልነበረም፤ አፍረው ነበር መሰለኝ።

ነገሩ በዚህ ያልቅ ነበር፤ ነብር ንጉሡን ግብዣ ባይጠራው። ቀኑ ዝናብ ነበር። ንጉሡ ያንን የመጀመሪያውን ገሳ ለብሶ፣ ብላታውን አስከትሎ መልካውን ተሻገረ። ማዶ ሲደርስ ጠባቂዎቹ እጅ ነሡ፤ ከዚያም ደረቱን ዳሰሱ።

«ጌታዬ፣ መዳፉ የት አለ?»

«ይህ እኮ የመጀመሪያው ነው! ከዚህ በፊት ገሳ የሚባል ነገር በምድር ላይ አልነበረም!»

«ሁሉም የሚለው እንደዚያው ነው፣ ጌታዬ» አለ ጠባቂው፣ የገሳውን አንገት እየፈታለት። «ከፈለጉ ግን ትክክለኛውን እናውስዎታለን።»

ንጉሡ የዝንጀሮ መዳፍ ደረቱ ላይ ለጥፎ ከመግባት መርጠብ ይሻለኛል አለ። ረጠበም። ነብር ባለ መዳፍ ገሳውን ደርቦ በሩ ላይ ተቀበለው፤ ጨዋ ስለሆነ የእንግዳውን ጎፈር ላለማየት ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር።

በማግስቱ ጉባኤ ተጠራ። ብላታ ቀበሮ ነገሩን ሲያጠና እንዳደረ ተናገረ። «ጃንሆይ፣ ጥፋቱ ተገኝቷል። የዋርካው ጭረት ጥልቀት ይጎድለዋል።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ቀንድ ያለው ሁሉ ታዘዘ፤ ጎሽ በቀንዱ፣ ከርከሮ በክራንቻው የእመት ጃርትን ጭረት ሲያጠልቁ ሰነበቱ። ዋርካው ወደ አንድ በኩል ማዘንበል ቢጀምርም ሥራው በመልካም ሁኔታ እየተካሄደ ነው ተባለ። ጭረቱ ሲመረቅ ንጉሡ ባለቤቷን አስጠራት። እመት ጃርት ግን አልነበረችም።

አባ ኤሊ አንገቱን አወጣ። «እኔ አይቻቸዋለሁ፣ ጃንሆይ። ማዶ ነበሩ፤ ከነብር ጥቁር ድንጋይ ሥር። ድንጋዩ ላይ አዲስ ምልክት አለ፤ ጥፍርም መዳፍም አይደለም፣ በወስፌ የተወጋ ነው የሚመስለው።»

ያን ቀን ማንም አላቋረጠውም።

«የምን ምልክት ነው?» አለ ብላታ ቀበሮ ፈጠን ብሎ። «ምን ሠርታ ነው? ለማን አሳየች?»

«ለማንም አላሳዩም። እኔም ጠይቄያቸው ነበር።»

ንጉሡ ከተቀመጠበት ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «እሷስ ምን አለችህ?»

«ምንም አላሉኝም፣ ጃንሆይ» አለ አባ ኤሊ። «ጀርባቸውን አዞሩብኝ።»