የአከራዩ ልክ

አቶ ወንድይፍራው ባለ ፎቅ ናቸው፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳባቸው አይፈልጉም። አንድ ቀን አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ከተከራዮቻቸው አንዱ ወደሆነው ልብስ ሻጭ ገቡና ባለ ኮሌታ ቲሸርት አምጣ አሉት። ሻጩ ባለ አምስት መቶ፣ ባለ ሺህ እና ባለ አራት ሺህ ብር ቲሸርት ዘረጋላቸው። እሳቸውም ሳያዩት ውዱን አነሡ።

ሻጩ ግን ገልብጦ ስፌቱን አሳያቸው። "ጋሼ፣ ይሄን ያስወደደው ደረቱ ላይ ያለችው ወፍ ናት። ሁለቴ ሲታጠብ ኮሌታው ይጠቀለላል። ባለ ሺሁን ይውሰዱ፤ ስፌቱ ድርብ ነው፣ ቁልፉም አይረግፍም።"

አቶ ወንድይፍራው አጃቢዎቻቸው ፊት የተዋረዱ መሰላቸው።

"እኔን ባለ ሺህ ልታለብሰኝ? ልክህን እወቅ! ልክህን ካላወቅህ ነገ ሱቄን ትለቃለህ። በል ተናገር፤ ልክህን ታውቃለህ ወይስ አታውቅም?"

ሻጩ በትሕትና ጎንበስ ብሎ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

"አውቃለሁ እንጂ ጋሼ፤ እኔ ሚዲየም ነኝ። ያልታወቀው የእርስዎ ልክ ነው። እስቲ እጅዎን ወደ ላይ!"

አቶ ወንድይፍራው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሁለቱንም እጃቸውን አነሡ።