የታቹ ጠባቂ

አንድ ድንጋይ ቀራጭ ነበር። የሚኖረው በአሜሪካ ደረቅ ምድር፣ ዙኒ በሚባል ሕዝብ መንደር ውስጥ ነው። እዚያ ከድንጋይ የተቀረጸ እንስሳ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጠባቂ ነው። አቅጣጫዎቹ ስድስት ናቸው፤ አራቱ ማዕዘናት፣ ላይና ታች። ሰሜንን የተራራ አንበሳ፣ ላይን ንስር ይጠብቃል፤ ታችን ከመሬት ሥር የምትኖረው ፍልፈል ትጠብቃለች፤ ሌሎቹም የየራሳቸው እንስሳ አላቸው። የበቆሎ ዱቄት እየቀረበላቸው እንደ ቤተሰብ ይኖራሉ።

ቀራጩን ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። ባለፈው ዓመት አይጦች ከአክስቱ ቤት ወለል ሥር ቆፍረው ገብተው ለዘር ያስቀመጡትን በቆሎ ፈጁባቸው። በዚያው ዓመት ግድግዳ ተንዶ ከስድስቱ ጠባቂዎች ሁለቱ፣ አንበሳውና ፍልፈሏ፣ ተሰበሩ። ዘንድሮ አዲሱ ዘር ቤት ከመግባቱ በፊት እነሱን ለመተካት ሁለት ቀራጮች ጠሩ። የአንበሳውን ሥራ ለቀራጩ ጎረቤት ሰጡ፤ የፍልፈሏን ለእሱ።

ቀራጩ ተናደደ። "እኔ ልጃቸው እያለሁ አንበሳው ለባዳ? ለእኔ ዓይን የሌላት ፍልፈል?" አለ። የጎረቤቱ መሞረድ በግድግዳ በኩል በተሰማው ቁጥር ሥራውን ጥሎ ይነሣ ነበር። ጎረቤቱ "ሥራ እንዴት ይዞሃል?" ቢለው እንኳ "ምን አገባህ!" ብሎ ፊቱን አዞረበት። በመጨረሻ ፍልፈሏን ትቶ ያለውን ምርጥ ድንጋይ አወጣና አንበሳ ቀረጸ፤ ከጎረቤቱ የሚበልጥ፣ ጥርሱ የሚቆጠር፣ ጅራቱ በጀርባው ላይ የተኛ።

ቀኑ ደርሶ ዘመድ ተሰበሰበ። አክስቱ አራቱን አሮጌ ጠባቂዎች በየቦታቸው አኖሩ፤ የጎረቤትን አንበሳ ወደ ሰሜን አዞሩት። ከዚያ ቀራጩ ሸፍኖ ያመጣውን ገለጡ።

"ወይ ጉድ! ጅራቱን እዩት!" አለ ሰዉ። ቀራጩ ደረቱን ነፋ።

አክስቱ አገላብጠው አዩት። "ያምራል። ግን ሰሜን ጠባቂ አለው። ይሄንን የት ላድርገው?"

ቀራጩ ወደ ባዶው የታች ቦታ ተመለከተ። እሳቸው ለአምስቱ ዱቄት በተኑላቸው፤ የስድስተኛው ድርሻ መዳፋቸው ላይ ቀረ።

"አክስቴ፣ አንበሳውን ለምን ለእኔ አልሰጡኝም?" አለ ቀራጩ።

"ልጄ፣ አይጦቹ የገቡብኝ በየት በኩል ነው? በታች አይደል? የቸገረኝን ቦታ ለባዳ ልስጥ?"

ቀራጩ በኀፍረት አንገቱን ደፋ። ከዚያ አንበሳውን አንስቶ ሰው ሁሉ እያየው ጅራቱን ቆረጠ፣ ጥርሱን ፋቀ። ጎረቤቱ ቂም ሳይዝ ለማለስለሻ ውሃና አሸዋ አቀረበለት። ሲመሽ ትንሽ፣ ዓይን የሌላት ፍልፈል ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አክስቱ የያዙትን ዱቄት በተኑላት፤ በማግስቱም ዘሩ ገባ።

ቅናት የሰውን ቦታ አያስገኝልንም፤ የእኛን ቦታ ግን ባዶ ያስቀራል። ትንሽ ሥራ ሰጡኝ ብለን የምናኮርፍባቸው ሰዎች ምናልባት ትልቁን ጭንቃቸውን ነው አምነው የሰጡን። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ የሰው አንበሳ ስንመኝ፣ በእኛ እጅ የቀረችው ፍልፈል የማንን ቤት ሳትጠብቅ ቀረች?