የደምለው ጣራና የሰሎሞን መጽሐፍ

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ጮክ በሉ እንጂ! ቀኑን ሙሉ ስትጮኹ ውላችሁ አሁን ድምፃችሁ የት ገባ? ተረት ተረት!

«የላም በረት!!»

እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ዘመን ደምለው የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ እናኑ ትባላለች። በዚያ መንደር ማንበብ የሚችል ገበሬ እሱ ብቻ ነበርና ልቡ አብጦ ነበር። አንድ ቀን ወደ ንስሐ አባቱ ወደ አባ ዘወልድ ሄደና፦ «አባቴ፣ ቤቴን የማስተዳድርበት ጥበብ ይስጡኝ» አላቸው።

እሳቸውም፦ «መጽሐፈ ምሳሌን በየቀኑ አንብብ፤ እግዚአብሔር የሚልህን ትሰማለህ» አሉት።

ደምለውም ማንበብ ጀመረ። አነበበ ነው የምላችሁ! ስለ ታካች ሰው ሲያነብ፦ «ይሄ ጎረቤታችን ነው» ይላል። ስለ ሰካራም ሲያነብ፦ «ይሄ አማቼ ነው» ይላል። ስለ ነዝናዛ ሚስት የተጻፈው ጋ ሲደርስማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እናኑን እያየ ነው።

እናኑ የምትነዘንዘው ለምን መሰላችሁ? ጣራው ያፈሳላ! ያውም የዘር ገብሱ ባለበት ጎታ ላይ። ዘሩ ከተበላሸ የሚዘሩት የለ፣ ካልዘሩ የሚበሉት የለ። የሚከደንበት ሳር ታጭዶ ደጅ ተከምሯል። ሰውዬው ግን ቁጭ ብሎ ያነባል! ኧረ እኔስ ሳወራውም ደሜ ይፈላል።

እናኑ፦ «አንተ ሰው፣ ሰኔ ገባ! ኧረ ጣራው!» ትለዋለች።

እሱም፦ «ሰሎሞን ስለ አንቺ የተናገረውን ስሚ» ይላትና ያነብላታል።

ጎታውን ቁርበት ታለብሰዋለች፤ ውሃው በቁርበቱ ሥር ይገባል። ከዚያም ትነግረዋለች፤ ከዚያም ያነብላታል።

አንድ ቀን አባ ዘወልድ ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። ገና ከመቀመጣቸው ደምለው፦ «አባቴ፣ ይኸው እኔ አነባለሁ፤ እሷ ግን አልታረም አለች» ብሎ ከሰሳት።

እናኑም ጎታው ውስጥ እጇን ከተተችና አንድ እፍኝ ገብስ አውጥታ በተገለጠው መጽሐፍ ላይ ዘረገፈችው። ገብሱ ርሶ፣ አብጦ፣ ነጭ ሥር አውጥቷል።

«እንካ፣ ይሄንንም አንብብልኝ!» አለችው።

አባ ዘወልድ ገብሱን አዩ፤ ጣራውን አዩ። ከዚያም ጋቢያቸውን አውልቀው ወጡ። መሰላል አስደገፉና አንድ እስር ሳር ይዘው መውጣት ጀመሩ። እኚያ ሽማግሌ!

ደምለው እየሮጠ ተከተላቸውና፦ «ኧረ አባቴ፣ ይውረዱ! ሰው ምን ይለኛል?» አለ።

አባ ዘወልድም ከመሰላሉ ላይ ሆነው፦ «ልጄ፣ ጥበብ ስጡኝ ስትለኝ ለራስህ መስሎኝ ነበር» አሉት።

ደምለው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እግራቸውን ይዞ፣ ለምኖ አወረዳቸውና ራሱ ወጣ። ሲከድን ዋለ። ከዘሩ ግን የተረፈው ግማሹ ብቻ ነው፤ የቀረው ለብቅል ሆነ። ምን ያደርጋል፣ በዚያ ዓመት ሁለቱም ሆዳቸውን አስረው ከረሙ።

የዚያን ዕለት ማታ ደምለው መጽሐፉን ገለጠና ድምፁን ሳያሰማ ማንበብ ያዘ።

እናኑም፦ «ዛሬስ ምን ይላል?» አለችው።

«እኔን ይሰድባል» አላት።

«ተመስገን!» አለች እናኑ።

በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን ባዶውን አትተዉት፣ ዳቦ አምጡና አብሱልኝ። ተነሱ እንጂ፣ ስንቴ ልናገር!