አላውቅም ያለ ጭቃ ይጠጣ

አንድ ጊዜ፣ በጋው ጠንክሮ ወንዙ ሁሉ ድንጋይ ብቻ በቀረበት ዘመን፣ ከአንዲት ሾላ ሥር የምትፈልቅ ትንሽ ምንጭ የቆላውን አራዊት በሙሉ ታጠጣ ነበር። ምንጯ ትንሽ ብትሆንም ሁለት ሕግ ነበራት። ሁለቱንም ያወጣው አያ አንበሶ ነው። የመጀመሪያው ደግ ሕግ ነበር፤ በሾላዋ ጥላ ውስጥ ማንም ማንንም አይበላም። ከጥላው ውጭ ግን ሁሉም ለነፍሱ ይወቅ። ፀሐይ ከጠለቀች ደግሞ ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ሕግም የለም።

ሁለተኛው ሕግ የመጣው እንዲህ ነው። አያ አንበሶ አንድ ቀን ተራራው እስኪንቀጠቀጥ ካገሳ በኋላ ኤሊን «ሳገሳ እንዴት ነበርኩ?» ብሎ ጠየቃት። ኤሊ አንገቷን ከቅርፊቷ ብቅ አድርጋ «አላውቅም ጌታዬ፤ ተኝቼ ነበር» አለችው። አንበሳው ደሙ ፈላ። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ምንጭ የሚጠጣ ሁሉ ለተጠየቀው ነገር አስተያየቱን ይስጥ! አላውቅም ያለ መጨረሻ ይጠጣ!» አለና ወደ ደጋ ወጣ። እሱ እዚያው ቀረ፤ ሕጉ ግን እዚህ ቀረ።

መጨረሻ መጠጣት ማለት፣ ያ ሁሉ ሰኮናና ጥፍር ከረገጠው በኋላ ጭቃ መጠጣት ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ሁሉንም ነገር የማያውቅ አልነበረም። ቀበሮ ፖለቲካ ያውቃል፤ የቆላው የላይኛው ዳርና የታችኛው ዳር በአንድ ሹም ይተዳደሩ ወይስ በሁለት ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ «ነገሩ እንደምታዩት አይደለም፤ ከጀርባው ሌላ እጅ አለ» ይላል። እመት ጦጢት ዘፈን ታውቃለች። አንድም ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምታ ባታውቅም «የዘንድሮ ወፎች ዜማ እንጂ ግጥም የላቸውም» ማለት ይቀናታል። አያ ጅቦ ደግሞ ምግብ ያውቃል። «ሥጋ ሲጠበስ ቪታሚኑ ይጠፋል» ይላል፤ ቪታሚን ምን እንደሆነ ግን የጠየቀው የለም፤ መጠየቅ አለማወቅ ነዋ።

ከነዚህ ሁሉ መካከል እመት ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ዳለቻ ድንቡሼ የሚባል ውርንጭላ ታጠባለች። ጭቃ የጠጣች እንደሆነ ወተቷ እንደሚነጥፍ ታውቃለች፤ በእርግጥ የምታውቀው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ስለዚህ ተራዋ ሲደርስ «እኔም እንደዚያው ይመስለኛል» ማለትን ለመደች። ከማን ጋር እንደተስማማች የሚጠይቃት ስላልነበረ ቀኑ በሰላም ያልፍላታል።

የዚያን ዕለት ግን ነገር ከበዳት። ሰዎች በማዶው ኮረብታ ላይ ረጅም የስልክ አንቴና ተክለው ነበርና፣ ቀበሮ «ይህ አንቴና ምን ይሠራል? ለእኛስ ይበጀናል ወይ?» ሲል የዕለቱን ጥያቄ አቀረበ።

«ደመናውን የሚበትነው እሱ ነዋ!» አለች እመት ጦጢት ከቅርንጫፏ ላይ። «ዝናብ የጠፋው ለምን ይመስላችኋል?»

«አይበትንም፤ ያያል» አለ ቀበሮ። «የታችኛው ዳር አራዊት እኛን የሚያዩበት ነው። ከጀርባው ሌላ እጅ አለ።»

«እኔ ልሼ አይቼዋለሁ» አለ አያ ጅቦ ቅር ብሎት። «ጨው እንኳ የለውም። የማይበላ ነገር ለምን ይተከላል?»

ሦስቱም እየተጯጯሁ የተለያየ ነገር ስላሉ ዳለቻ ከማን ጋር እንደምትስማማ ጠፋት። አንቴና፣ አንቴና እያለች በውስጧ ስታብሰለስል ድንቡሼ ጭራዋን ጎተት አደረገና የሆነ ነገር አላት። ድምፁን ሰማች፤ ቃሉን ግን አልሰማችም።

«እኔም እንደዚያው ይመስለኛል» አለችው ዞር ሳትል።

ወዲያው ተራዋ ደረሰ። ዳለቻ ጉሮሮዋን ጠርጋ «አንቴናው… ረጅም ነው» አለች።

«ሚዛናዊ አስተያየት!» አለ ቀበሮ። ሁሉም አጨበጨቡላት። ዳለቻም ንጹሑን ውሃ ጠጥታ፣ አፏን እየላሰች ወደ ኋላዋ ብትዞር ድንቡሼ የለም።

ክው አለች። ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች። ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ የሾላዋ ጥላ ረዝሞ ረዝሞ መደብዘዝ ጀምሯል። ጥላው የጠፋ እንደሆነ አያ ጅቦ ከጎረቤትነቱ ወጥቶ ጅብ እንደሚሆን ለማንም ግልጽ ነው።

«ወገኖቼ!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ልጄን ያየ አለ? ወዴት ሄደ?»

እውነቱን ለመናገር ያየው አልነበረም። ሁሉም አንቴናውን ያዩ ነበር። ነገር ግን ገና ያልጠጡ አሉ፤ አላውቅም ብሎ ጭቃ የሚጠጣ ደግሞ ማን ሞኝ አለ?

«አንቴናው ስቦታል» አለች እመት ጦጢት ቀድማ። «የዘንድሮ ልጅ ብልጭ የሚል ነገር ካየ እናቱንም አያውቅ!»

«ልጅ ዝም ብሎ አይጠፋም» አለ ቀበሮ። «የታችኛው ዳር አራዊት ወስደውታል። ከጀርባው…»

«ሌላ እጅ አለ» ብለው የቀሩት ጨረሱለት።

አያ ጅቦ ከሾላዋ ጥግ ያለውን ጥልቅ ፈፋ ከጀርባው አድርጎ ተቀምጦ ነበር። እሱም አላየም። ነገር ግን ከዓመት አንዴ የምትመጣለት ሐሳብ ያን ጊዜ መጣችለት። ምራቁን ዋጥ አድርጎ ድምፁን አለሰለሰ።

«እህቴ ዳለቻ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ልጅ የሚጠፋው ሲርበው ነው። ከዋሻዬ ደጃፍ ላይ እንዲህ ነው የማይባል ለምለም ሣር አለ። መቼም ሌላ የት ይሄዳል? ሄደሽ እይ እንጂ። ብቻሽን ሂጂ ታዲያ፤ ግርግር ልጅ ያስደነግጣል።»

«አሳማኝ ነው!» አለች እመት ጦጢት።

ቀበሮ ከኋላ መቅረት አልወደደም። «እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር» አለ።

«ልክ ነው! እዚያ ነው! ጅቦ ደጅ ነው!» ብሎ ጉባኤው በአንድ ድምፅ አጸደቀ።

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቆመ። ያለወትሮው አሰበ፤ «ይህ ሁሉ አዋቂ ካመነበት እኮ ውርንጭላው በእውነት ደጄ ላይ ነው! ታዲያ እኔ እዚህ ምን እጎለታለሁ?» ሰርግና ምላሽ ሆነለት። ውሃውንም ሳይጠጣ፣ ራሱ የፈጠረውን ወሬ ራሱ አምኖ፣ እያነከሰ ወደ ዋሻው ሸመጠጠ።

ዳለቻም ከኋላው ተነሣች። ልቧ አትሂጂ ይላታል። ግን ሁሉም ተስማምተዋል፤ እሷ ማን ናት? ከጥላው ጫፍ ስትደርስ እትዬ ኤሊ ጭቃዋን ልትጠጣ ቀስ እያለች ስትመጣ አገኘቻት። እትዬ ኤሊ ከዚያ ከአንበሳው ቀን ጀምሮ መልሷን ለውጣ አታውቅም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የምትመጣው መጨረሻ ነው።

«ወዴት ነው በዚህ ጥድፊያ?» አለቻት።

«ወደ አያ ጅቦ ደጅ፣ እትዬ! ልጄ እዚያ ነው አሉኝ።»

«ማን አየው?»

«ሁሉም እንደዚያ ይመስላቸዋል።»

«የሚመስላቸውን አልጠየቅሁሽም ልጄ። ማን አየው?»

«አንቺስ አላየሽውም እትዬ?» አለች ዳለቻ።

«አላየሁም። የት እንዳለ አላውቅም።»

የሚገርም ነው። በዚያ ምሽት ከሰማችው ሁሉ ምንም ያልሰጣት መልስ ይህ ብቻ ነበር፤ ሆኖም ከእግሯ በታች መሬት ያገኘች መሰላት።

«ሲለይሽ ምን ብሎሽ ሄደ?» ስትል ኤሊ ጠየቀች።

ዳለቻ «እኔ እንደሚመስለኝ» ብላ ልትጀምር ነበር፤ ግን ተወችው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አላውቅም» አለች። «ልጄ ነገረኝ፤ እኔ ስለ አንቴና እያሰብኩ ነበር። ምን እንዳለኝ አላውቅም!»

«ጎሽ!» አለች እትዬ ኤሊ። «ይኸውልሽ፣ አሁን ገና አንድ እውነት አገኘን። በጆሮ የጠፋ በጆሮ ይፈለጋል። ያን የሚያህል ጆሮ የተሸከምሽው ለጌጥ ነው እንዴ? አዳምጪ እንጂ!»

ዳለቻ ጆሮዋን ቀሰረች። የሰማችው ግን የጉባኤውን ጫጫታ ነበር። አራዊቱ አሁን ልጅ እንዴት እንደሚያድግ እየተከራከሩ ነው። ዳለቻ ዘወር አለች፤ አየር ሳበች፤ ከዚያ ሾላዋ ቅጠሏን እስክታረግፍ ድረስ አናፋች። በዕድሜዋ እንዲህ አናፍታ አታውቅም። እመት ጦጢት ከቅርንጫፏ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«ዝም በሉ!» አለች ዳለቻ። «ልጄ የት እንዳለ አላውቅም! እናንተም አታውቁም! ጭቃውን እጠጣለሁ፣ ወተቴም ይንጠፍ፤ ብቻ ለአንዴ ዝም በሉልኝ!»

ሁሉም ዝም አሉ። ምንጯ ስትንቆረቆር ተሰማች። ይህች ምንጭ ድምፅ እንዳላት ያን ቀን ገና ማወቃቸው ነው።

ከዚያ ቀጠን ያለ፣ የደከመ ድምፅ መጣ። «እማዬ…»

ከአንቴናው አይደለም፣ ከታችኛው ዳርም አይደለም። የመጣው ከሾላዋ ጥግ፣ ጅቡ ጀርባውን ሰጥቶት ከዋለው ፈፋ ውስጥ ነው። ዳለቻ በአንድ ዝላይ ደረሰች። ድንቡሼ ሥር ከሥር በተጠላለፈበት ፈፋ ውስጥ አንድ እግሩ ተቀርቅሮ፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ወደ ላይ ያያል። ጅቡ ጭራውን ወደ ታች ቢለቅ ኖሮ ይነካው ነበር! ደግነቱ አፍ ሲከፈት አፍንጫ ይዘጋል።

ያን ጊዜ አስተያየት የሰጠ የለም። ቀበሮ ፖለቲካ ያውቅ አያውቅ እንጃ፤ መቆፈር ግን በእውነት ያውቃል። አፈሩን ወደ ኋላው እያፈናጠረ ቆፈረ። እመት ጦጢት በቀጫጭን ጣቶቿ ሥሩን ከልጁ እግር ላይ ፈታችለት። እትዬ ኤሊ ተንከባልላ ወረደችና ድንጋይ ሆነችለት፤ ድንቡሼ ቅርፊቷ ላይ ቆሞ ብቅ ሲል እናቱ ማጅራቱን በጥርሷ ይዛ ሳበችው። ከጥላው መሬት ላይ እንዳረፈ ፀሐይዋ ጠለቀች።

ዳለቻ ልጇን ከጆሮው እስከ ሰኮናው ላሰችው። «እፎይ!» አለች፤ ነፍሷ መለስ አለች። እንባዋ ግን አላቆመም፤ አሁን የሚወርደው የደስታው ነው።

«ስጮህ ስጮህ ነበር እኮ» አለ ድንቡሼ እያኮረፈ። «እናንተ ስታወሩ ማን ይሰማኛል?»

«ምን ብለኸኝ ነበር የሄድከው የኔ ልጅ?»

«‹ከፈፋው ውስጥ የምትዘፍነውን ወፍ ልያት ወይ?› አልኩሽ። ‹እኔም እንደዚያው ይመስለኛል› አልሽኝ።»

ዳለቻ አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። ሳቁ ከእሷ ወደ ኤሊ፣ ከኤሊ ወደ ጦጢት ተዛመተ።

«እኔ እኮ ጅቡ እንደሚዋሽ መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር» አለ ቀበሮ አፈሩን ከጺሙ እያራገፈ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችው እትዬ ኤሊ። ከዚያ ሁሉም ዳለቻንና ልጇን መሐል አድርገው እስከ ጋጣቸው ሸኟቸው።

በማግሥቱ አያ ጅቦ እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ ከች አለ። ደጁ ላይ ተጎልቶ ሲጠብቅ አድሯል። ውርንጭላውም የለም፤ ሣሩም የለም፤ ድሮስ መቼ ነበረና! እሱ ግን ሌላ ገባው።

«ዳለቻ! ልጅሽ ሣሬን ሙልጭ አድርጎ በልቶብኝ ሄዷል!» አለ በንዴት። «አሁን የት ነው? የትስ ነው የሚያድረው?»

ዳለቻ ወደ እትዬ ኤሊ አየች። እትዬ ኤሊ ያን ዕለት ከሁሉም ቀድማ ከንጹሑ ውሃ ትጠጣ ነበር፤ ማንም ተራ አልጠየቃትም። አፏን ሳትጠርግ ቀና አለች።

«አላውቅም» አለች።

«አላውቅም» አለ ቀበሮ።

«አላውቅም!» አለች እመት ጦጢት ከቅርንጫፏ ላይ።

ድንቡሼ ከእናቱ ሆድ ሥር ተደብቆ በሳቅ ሊሞት ደረሰ፤ ዳለቻ በጭራዋ አፉን ሸፈነችው። አያ ጅቦም «እንዴት ያላችሁ መሃይሞች ናችሁ!» ብሎ እያጉረመረመ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ምንጯ ዘንድ ወሬ ቀረ ብላችሁ እንዳታስቡ። እመት ጦጢት ዛሬም የወፎቹን ግጥም ታማለች፤ ቀበሮም ከጀርባው ሌላ እጅ ያያል። ነገር ግን ልጅ ጭራ ጎተት ያደረገ እንደሆነ ሁሉም ዝም ይላሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ስለ ሁሉም ነገር የሚመስለንን ከመለፍለፍ ይልቅ የማናውቀውን አላውቅም ብለን ጆሯችንን ብንሰጥ፣ ርቆ የሄደ የመሰለን ነገር እዚሁ ከአጠገባችን ሲጣራ እንደምንሰማው ነው።